በካሜራ ሰባት ደጅ

«ይኼ ሰውዬ ግድግዳውን ነው እንዴ የሚለምነው?» አለች ትግስት፣ በሻይ ብርጭቆዋ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች።

ደግሰው ኬብል ከሚያስርበት ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ አየ። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ትናንሽ መስኮቶች ተደርድረዋል። በሰባተኛው መስኮት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ ከዚያ ቀና ይሉና ስክሪኑን ለሚያይ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይናገራሉ። ድምፅ የለም። ኮምፒውተሩ በዙሪያቸው አረንጓዴ ሳጥን ሠርቶ «ሰው፣ አንድ» ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ ከሥሩ ደግሞ በቀይ «ያለ ምክንያት የቆመ» ብሏል። ማስጠንቀቂያዎቹን ወደ አማርኛ የመለሳቸው ራሱ ደግሰው ነበር።

«ማን ነው እሱ?»

«ዘበኛው ነው» አለና ተመልሶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። እዚያ ሥር ምንም ሥራ አልቀረውም። ኬብሉን ቅድም አስሮ ጨርሷል።

ዘበኛው አያ ምሳው ናቸው። አያ ምሳው ደግሞ የደግሰው እናት ታላቅ ወንድም። ደግሰው ከሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣ ጊዜ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተቀመጠው በእሳቸው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ አልጋ ላይ፣ እሳቸው መሬት። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ጊዜም ሻንጣውን በትከሻቸው ተሸክመው መናኸሪያ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አምና የኔትወርክ ባለሙያ ተብሎ በዚህ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ግቢ በር ሲገባ፣ አያ ምሳው ሊስሙት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ከኋላው ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። ደግሰው አንድ እጁን ቀጥ አድርጎ ሰደደና «እንደምን አደሩ» አላቸው፣ ለጉብኝት እንደመጣ ሱፐርቫይዘር። ሽማግሌው መጀመሪያ እጁን አዩ፤ ቀጥሎ ፊቱን አዩ፤ ከዚያም «ለካ የቢሮ ሥርዓት አለ» ብለው ጨበጡት። ለቢሮ ሰው ዘመዴ ነው ብለው አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ክፍል ቁጥር አሥራ አንድ እስከ ባለፈው ወር የአሮጌ ፋይልና የእግር አልባ ወንበር ማረፊያ ነበረች። አሁን «መቆጣጠሪያ ክፍል» ተብላለች። በግቢው ያሉት አራት ሕንጻዎች ድሮ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ካሜራ፣ የራሳቸው ቁልፍ፣ የራሳቸው ደወል ነበራቸው። የአንዱ ሕንጻ ካሜራ የቀረጸውን ሌላው አያየውም፤ እንዲያውም ባለቤቱም አያየውም። ደግሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ መሰላል ተሸክሞ ሲዞር ከርሞ ሁሉንም፣ የቢሮ ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት በአንድ ኔትወርክ ላይ አዛመዳቸው። የመዝገብ ቤቱ በር ከሰው ሀብት ኮምፒውተር ጋር፣ የእሳቱ ደወል ከፋይናንስ ኮምፒውተር ጋር፣ ካሜራው ከሁሉም ጋር። በዚያ ግቢ ዝምድናውን በይፋ ያሳወቀ ቢኖር እንግዲህ ካሜራው ብቻ ነው። ስክሪኑ በዘጠና ሁለት ሺህ ብር ተገዝቶ ከባሕር ዳር መጥቷል፤ ኃላፊው አቶ ይሄይስ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት እንዳይላጥ አዝዘዋል፣ እንግዳ ይየው ብለው። ምርቃቱ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ካሜራ ሰባት ከዋናው በር አጠገብ የተሰቀለ ዕለት መሰላሉን የያዙለት አያ ምሳው ነበሩ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በኽምጣንጋ ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው?»

«የኃላፊው ዓይን ነው። ክፍላቸው ቁጭ ብለው በዚህ ያያሉ።»

«ይሰማሉስ?»

«ይሰማሉ።»

«የእኛንም ቋንቋ?»

ደግሰው በጥርሱ ብሎን ነክሶ ነበር። ጥያቄው አላልቅ አለው፤ ደግሞም ቀልድ አማረው። «እኔ ውስጥ አለሁ አይደል? እያስተረጎምኩ አደርስልዎታለሁ» አለ። ብሎኑን አጠበቀና ወረደ፤ ቀልዱን እዚያው መሰላሉ ላይ ረሳው።

አያ ምሳው ግን አልረሱትም። እሳቸው ባደጉበት አገር ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠናል። አደግድጎ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ አለ፣ ሲገባ አለ፣ ፊቱ እስኪለመድ፣ ጌታው እስኪያፍር ድረስ አለ። አቶ ይሄይስ በመኪና በጓሮ በር መግባት ከጀመሩ ወዲህ የሚጠናው ደጅ የቱ እንደሆነ ጠፍቶ ነበር። አሁን ተገኘ፤ ያውም ቀንም ማታም የማይከደን ዓይን ያለው።

«ድምፅ የለውም?» አለች ትግስት።

«አለው። ዝግ ነው።»

«ክፈተው እስቲ። ከሰዓት እንግዳ ፊት ጉድ እንዳይፈላብን።»

ትግስት የሰው ሀብት ኃላፊ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ክፉ ሰው አይደለችም። እንዲያውም ኽምጣንጋ ልማር ብላ ደብተር ገዝታ ነበር፤ አስተማሪ አጣች። የጠየቀችው የአገሩ ልጅ ሁሉ «እኔ እንኳ ብዙም አልችል» ይላታል። ደብተሩ አሁን የቢሮ ዕቃ መመዝገቢያ ሆኗል።

ደግሰው ማይክሮፎኑን ከፈተው። የአያ ምሳው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ከነሳላቸው፣ ከነትንፋሻቸው። ጌታዬ፣ ይሉ ነበር በኽምጣንጋ፣ ከዝርዝር የቀሩ ሰዎች አቤት የሚሉበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። እስከ ትናንት አሥራ ስድስት ሰው ዓይንዎ ፊት አቁሜ ቃላቸውን ሰምተዋል። ዛሬ ደግሞ ደመቀች ከጽጽቃ መጥታለች። ስሟ ላይ ሞታለች ብለው ጽፈዋል። ምስክር አልጠራም፣ ራስዎ ይዩዋት፤ ምሳ ላይ ደክሟት ታርፋለች፣ ከዚያ አቆማታለሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ልጅ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ቃል አያጎድልም።

«ምን ይላል?» አለች ትግስት። «አንተ ያገሩ ልጅ አይደለህ? ትሰማለህ አይደል?»

«ብዙም አልሰማም።»

«እንዴት?»

«ከተማ ነው ያደግኩት።»

ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ብርጭቆዋን አንስታ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእርዳታ ከተመረጡት ቤተሰቦች ዝርዝር ስሙ የቀረ ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ ለመዝገብ ቤት እንዲያስገባ ሃያ ቀን ተሰጥቶ ነበር። ሃያኛው ቀን ዛሬ ነው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከበሩ ማዶ ዣንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፣ አንዱን ገጽ በመቶ ብር። አያ ምሳው ግን ባለጉዳዩን ሁሉ፣ ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግሩ የመጣውን ሳይቀር፣ «ገንዘብህን ያዝ፤ ወረቀት ጠፋ ይባላል፣ ቃል ግን ዓይን ለዓይን ነው» እያሉ ወደ ካሜራው ሲወስዱ ከርመዋል። ደግሰው የተቀረጸውን ወደ ኋላ መልሶ አየ። አሥራ ስድስት ሰው። አንዱ ሕጻን አቅፎ፣ አንዷ የእግሯን ቁስል ከፍታ እያሳየች፣ አንዱ ተንበርክኮ። ሁሉም አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ሁሉም ሲጨርሱ እጅ ነስተው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ከመስኮቱ ይወጣሉ። ሰሚ ያገኘ ሰው አወጣጥ ነበር።

ያኔ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ወጥቶ ቢናገር ጊዜ ነበረው። «ከምርቃቱ በኋላ» አለ ለራሱ፤ የተሰካውን ሶኬት ነቅሎ መልሶ ሰካው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሲወጣ አያ ምሳው ከአንዲት ደቃቃ ሴት ጋር ከጥበቃ ቤቱ ጥላ ሥር ቆሎ ይዘግናሉ። ደግሰው ሊያልፋቸው ነበር።

«ልጄ፣ ቅድም ያልኩት ደረሰ?»

ሴትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ስልሳ ዓመት ይሆናታል፤ የፕላስቲክ ጫማዋ በሽቦ ተጠግኗል። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ያዛት።

«አፋችን አንተ ነህ?» አለችው በኽምጣንጋ። «እነሱ ሞታለች አሉ፤ እኔ ደግሞ ስሞት አላየሁም። ይኸው መጥቻለሁ። ቁመቴን አሳያቸው። አትድከም፣ ብዙ አልናገርም፤ አለሁ ነው የምለው።»

«ቆሎ ስትበላ አይቻለሁ በል» አሉ አያ ምሳው። «ሙት እንዲህ አይዘግንም።»

ሁለቱም ሳቁ። ደግሰው አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን «ደርሷል» የሚለው ሆነ። ከዚያ ምሳ ቤት ገብቶ ሽሮ አዘዘ፤ ሁለት ጉርሻ ሳይውጥ ከፍሎ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ ክፍል ቁጥር አሥራ አንድ በአሥራ አራት ሰው ታጨቀች። ለስላሳና ኩኪስ ቀረበ። አቶ ይሄይስ በአዲስ ከረባት ስክሪኑ ፊት ቆመው «ከእንግዲህ ከዚህ ክፍል ሳንወጣ ሕዝባችንን እናያለን!» አሉ፤ ተጨበጨበ። ደግሰው የኮምፒውተሩን መዳፊት ይዞ አንድ በአንድ አሳየ። ይኼ የመኪና ማቆሚያ፣ ይኼ ኮሪደር፤ ይኼ ደግሞ የመዝገብ ቤት በር ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያለ ሰው እጅ ራሱን ይቆልፋል። ካሜራ ስድስት ላይ ሲደርስ ወደ ስምንት ሊዘል አሰበ። አንዱ እንግዳ ግን «ሰባቷስ? ሰው አለባት፣ አሳድጋት» አለ።

ሰባተኛዋ መስኮት አድጋ ስክሪኑን ሞላች። ደመቀች ነበረች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች፣ በዙሪያዋ አረንጓዴ ሳጥን፣ በሳጥኑ ላይ «ሰው፣ አንድ»። ድምፁ ከጠዋት ጀምሮ እንደተከፈተ ነው። ሴትየዋ ብዙ አልናገርም ብላ የነበረው ሐሰት ሆነ፤ እያለቀሰች ታወርደው ጀመር። በመጨረሻ ነጠላዋን ፈታች፣ ዘወር ብላ ጀርባዋን አሳየች፣ ተመልሳ ዞረች። ያለሁ መሆኔን ከሁሉም በኩል እዩ ማለቷ ነው። እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ይቺ ደግሞ የፋሽን ትርዒት ላይ ናት» አለ ሰባቷን ያስከፈተው።

አቶ ይሄይስ እየሳቁ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። ምን እያለች ነው? ማነው እዚህ ኽምጣንጋ የሚሰማ?»

ከአሥራ አራቱ ሰው ቢያንስ ስድስቱ እናቱ በኽምጣንጋ የረገመችው፣ በኽምጣንጋም የመረቀችው ነበር። ስድስቱም ለስላሳቸውን አዩ። አንዱ ከኩኪሱ ማሸጊያ ላይ የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን ያነብ ጀመር። ደግሰው መዳፊቱን ጨብጦ ቆመ።

ያኔ አያ ምሳው ከስክሪኑ ጠርዝ ገቡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አስጠግተው። ደግሰው ልጄ፣ አሉ፣ ልቅሶ ቃሏን ቆራረጠባት፣ ቀስ ብለህ አስተካክለህ ንገርላት። የተናገሩት በኽምጣንጋ ነው። ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ ስም ነው።

«ደግሰው አለ እንዴ?» አሉ አቶ ይሄይስ። «አንተን ነው?»

«ደግሰው የሚባል ብዙ ነው» አለ፤ ጣቱም ያንን እያለ የካሜራ ሰባትን ምስልና ድምፅ አጠፋው። መስኮቱ ጠቆረ። «ኔትወርክ ነው፣ ይቅርታ።»

ክፍሉ በሙሉ እፎይ አለ። «አይ፣ እሱማ የለመድነው ነው!» አለ አንዱ። ጭብጨባው ከመጀመሪያው የበለጠ ደማቅ ነበር። ትግስት ብቻ አላጨበጨበችም። ደግሰውን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ የሚያፍረው እሱ ሳይሆን እሷ ይመስል ዓይኗን ሰበረች።

እንግዶቹ ተሸኝተው፣ የለስላሳው ጠርሙስ ተቆጥሮ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ። ደግሰው ከማተሚያው ውስጥ አንድ እፍኝ ባዶ ወረቀት አንስቶ ወደ በሩ ወጣ። አያ ምሳውና ደመቀች፣ ደግሞም መልሳቸውን ሊሰሙ የመጡ አራት ባለጉዳዮች ከካሜራው ሥር ተቀምጠዋል። ሽማግሌውን ለብቻ ጠራቸውና በኽምጣንጋ ነገራቸው። ማንም አልሰማም። ድምፁ እስከ ዛሬ ጠዋት ዝግ ነበር። እኔም ውስጥ ሆኜ አላስተረጎምኩም። ያን ያልኩት ለቀልድ ነው። ቅሬታው በወረቀት ካልገባ አይያዝም፤ የቀረው አርባ አምስት ደቂቃ ነው።

አያ ምሳው ባርኔጣቸውን ከብብታቸው አውጥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ዙሪያውን ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ደግሰው ቢቆጡት በወደደ ነበር፤ ቢመቱትም አጎት ናቸው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«ኃላፊው ሰምተዋል» አሏቸው በቋንቋቸው። «ወረቀትም ይኑረው ብለዋል። ባለሙያ ልከዋል።»

ደመቀች እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ደግሰው ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አያ ምሳው አጠገቡ ቆሙና በአማርኛ ጀመሩ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ከቢሮ በር ላይ በለቀሙት፣ አንዳንዱ ቃል በተሰበረ ግን በማይስት አማርኛ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

«ይጻፉ» አሉ። «ደመቀች ገብረ አምላክ። ከጽጽቃ። ሞታለች የተባለችው አልሞተችም።»

«ይጻፉ» ብለው አንቱ ማለታቸው ለሰዎቹ ሲሉ ነው አለ ደግሰው በልቡ። ጻፈ። አራቱ የየራሳቸውን በአጭሩ አስጻፉ፤ የሌሉትን አሥራ ሁለቱን ግን ሽማግሌው በቃላቸው አወረዱት። ወልደ ሐዋርያት፣ ከሰሃላ፣ ስድስት ቤተሰብ፣ ሁለት ነው ተብሎ ተመዘገበ። ማስተዋል፣ ከሰቆጣ ዙሪያ፣ እግሯ የቆሰለው፣ ባሏ ሳይኖር ባል አላት የተባለችው። በስክሪኑ ላይ አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ያያቸው ሰዎች አንድ በአንድ ድምፅ እያወጡ መጡ። ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ ያለቁባቸውን ፍየሎች ሳይቀር አንድም አልተሳሳቱም። የደግሰው እጅ ዛለ፣ ጽሑፉ ተንጋደደ። አንዱ ወረቀት ሲያልቅ ደመቀች ነጥቃ ወደ መዝገብ ቤት ትሮጣለች፤ ሞታለች የተባለችው ሴት ከሁሉም ትፈጥን ነበር።

አሥራ አንደኛው ወረቀት እንደገባ ከወዲያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የመዝገብ ቤቱ በር ተቆለፈ፤ ያለ ሰው እጅ፣ በሰዓቱ፣ ልክ ጠዋት ደግሰው እንዳዘዘው። በሩን ከኮምፒውተሩ መክፈት ይችላል፤ ሮጦ ሄዶም ከፈተው። መዝገብ ያዧ ዝናሽ ግን ከውስጥ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። «መዝገቡን ዘግቼ ፈርሜያለሁ፤ የቅሬታው ቁጥርም ወደ በላይ አካል ሄዷል» አለችው። «በሩን እንጂ ቀኑን መክፈት ትችላለህ እንዴ?»

ሲመለስ ባለጉዳዮቹ መርቀው ሄደዋል። ደመቀች ጽጽቃ የሚሄድ የጭነት መኪና ሳያመልጣት ቀድማ ወጥታለች። አያ ምሳው ከጥበቃ ቤቱ ዱላቸውንና የቆሎ ቋጠሯቸውን አውጥተው የጋቢያቸውን ጫፍ እያሠሩ ነበር። ያልገቡት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ የሰሃላ።

«ነገ ፈረቃዬ አይደለም» አሉ፣ አሁንም በአማርኛ። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ። እኔ ነኝ ወረቀት አታጽፉ ያልኳቸው።»

«አጎቴ፣ አብሬዎት ልሂድ» አለ ደግሰው በኽምጣንጋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ራሴ ልንገራቸው።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። ለማያውቁት ሰው መንገድ የሚያሳዩ ይመስላሉ።

«የለም፣ እርስዎ አይድከሙ» አሉ። «የእግር መንገድ ነው። ይግቡ፣ ደህና ይደሩ፣ አቶ ደግሰው።»

ደግሰው አቶ ይሄይስ ወይም ሌላ የቢሮ ሰው መጥቶ ይሆናል ብሎ ዞሮ ከኋላው አየ። ማንም አልነበረም።